ፌርማታ የሌለበት መንገድ

ሰው ለመራመድ ኮሌጅ ይገባል ብሎ የነገረው ቢኖር፣ ሹፌሩ ከአውቶብሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ በሳቀበት ነበር። እኔም ብሆን እስቅ ነበር። ሰው የእናቱን ቀሚስ ይዞ ይቆማል፣ ቀሚሱን ለቆ ዱብ ዱብ ይላል፣ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ይሄዳል፤ አስተማሪ የለው፣ ፈተና የለው። ይኸውላችሁ እንግዲህ፣ ዘመን መጣና መራመድም መመዝገቢያ ወጣለት። ስም መጠራት ተጨመረበት። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ መውደቅ አለበት። በመራመድ የወደቀ ሰው ለጎረቤቱ ምን ብሎ ያወራል?

ለሹፌሩ ግን ነገሩ የቀልድ አልነበረም። የከተማ አውቶብስ መሪ ከያዘ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ዓይኑ ከዳው። ቀን ቀን ደህና ነው፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የመብራት ምሰሶና የሰው ቁመና ይምታቱበታል። የድርጅቱ ሐኪም መረመረውና «ከእንግዲህ መሪ አትይዝም» አለው፤ እንዲሁ በአንድ ቃል። ኃላፊው ደግ ሰው ስለሆነ አስጠርቶ አስቀመጠው። የአዳዲስ ሹፌሮች አሰልጣኝ ቦታ ክፍት ነው፤ ቦታው ዲፕሎማ ይጠይቃል፤ በዚህ ተርም ካመጣህ የአንተ ነው፤ ካላመጣህ ለሌላ ሰጥቼ አንተን በጡረታ እሸኝሃለሁ አለው።

ዲፕሎማው አፍንጫው ስር ነበር። በማታው ክፍለ ጊዜ ለዓመታት ሲንፏቀቅ የትራንስፖርት አስተዳደር የሚሉትን ትምህርት ጨርሶ አንድ ኮርስ ብቻ ቀርቶታል፤ እሱም ስፖርት ነው። መዝጋቢዋ «ዋና ሞልቷል፣ መረብ ኳስ ሞልቷል፣ የቀረው እርምጃ ነው» አለችው።

«እርምጃ ማለት?»

«መራመድ ነዋ፣ ጋሼ።»

«መራመድማ እችላለሁ።»

«እንግዲያው አይከብድዎትም» አለችና መዘገበችው።

ጡረታ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ከሱ በፊት የወጣ አንድ ባልደረባውን ሊጠይቅ ሄዶ፣ ሰውየው መስኮት ስር ወንበር ስቦ ተቀምጦ በመንገዱ የሚያልፈውን አውቶብስ ሁሉ ማን እንደሚነዳው ሲቆጥር አገኘው። «ይሄ ዘግይቷል» ይላል። «ያኛው ፍሬኑን ያሠቃየዋል» ይላል። የቀረበለት ሻይ ሳይቀምሰው ቀዘቀዘ። ሹፌሩ ሞትን ብዙም አይፈራም ነበር፤ ያቺን ወንበር ግን ፈራት።

የመጀመሪያው ቀን በሥራ ጫማው መጣ፤ ጥቁር ቆዳ፣ ፊት እስኪያሳይ ድረስ የተወለወለ። ኮሌጁ በር ላይ ከተሰበሰቡት ተማሪዎች አብዛኞቹ በዕድሜ ልጆቹ ሊሆኑ ይችላሉ። አጠገቡ የቆመችው ፀጉር ሠሪ ብቻ ትንሽ በሰል ያለች ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል እግሯ ያብጣል፣ ምላሷ ግን አያርፍም። ጫማውን አየችና «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ሠርግ አለብዎት እንዴ?» አለችው።

መምህሯ አጭር፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ያጠየማት ሴት ናት። አንገቷ ላይ ፊሽካ አንጠልጥላለች፤ ስትነፋው ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም። «የእኔ ክፍል ግድግዳ የለውም» አለች፤ «ስለዚህ ተደግፎ የሚያንቀላፋ አይኖርም።» ይህን ብላ ፊቷን አዙራ ሄደች። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሴትየዋ እየሄደች መናገሯን አላቆመችም፤ መስማት የፈለገ መከተል ነበረበት። ተግተልትለው ተከተሉ።

«ሰዓት አክብራችሁ ትመጣላችሁ» ትላለች ወደ ኋላ ሳትዞር። «የዘገየ አይባረርም፤ ከኋላ ይሄዳል። ሮጦ መድረስ ግን ክልክል ነው። ሁልጊዜ አንድ እግራችሁ መሬት ይንካ፤ ሁለቱም ከተነሱ ሩጫ ነው፣ እሱ የሌላ መምህር ነው። ስልክ ቦርሳ ውስጥ። እየሄዳችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል፤ መዝፈን ከቻላችሁ ደግሞ ሰንፋችኋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለኝ ካለ ከአሁኑ ይመለስ፤ በየተርሙ ይነገረኛል፣ ሰልችቶኛል።»

ፀጉር ሠሪዋ እንቁላሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ መልሳ ዋጠችው።

«አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግራችኋለሁ። መሃል መንገድ ላይ መቆም የለም። ዝግ በሉ፣ አዝግሙ፣ ተጎተቱ፤ አትቁሙ። ለመጨረሻው ፈተና እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ አንድ ሰው ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ዙሩን እያወራችሁ አብራችሁ ትሄዳላችሁ፣ አብራችሁ ትደርሳላችሁ። ከሁለት አንዳችሁ ከቆማችሁ ወደቃችሁ።»

አንዱ ተማሪ የቤት ሰው ለምን እንዳስፈለገ ጠየቃት። «ብቻውን የሚሄድ ሰው ተርሙ ሲያልቅ ይተወዋል» አለች። በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ አልሰጠችም።

ሹፌሩ በሆዱ «ይህችማ ውኃ ናት» ሲል ነበር። የኮሌጁን አጥር አንዴ ዞረው ሳይጨርሱ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ፤ ያ ያማረ ጫማ ተረከዙን እንደ ውሻ ይነክሰው ጀመር። ሁሉም አንገታቸው ላይ ሁለት ጣት አድርገው የልባቸውን ትርታ እንዲያዳምጡ መምህሯ አዘዘች። ፈለገው፣ አጣው፤ ጣቱን ትንሽ ዝቅ ሲያደርግ አገኘው። ድው ድው ይላል። ደነገጠ። ስንት ሞተር ጆሮውን ጥሎ አዳምጧል፤ ምኑ እንደላላ፣ ምኑ እንደደረቀ በድምፁ ብቻ ይናገራል። የራሱን ግን አንድ ቀን አዳምጦት አያውቅም። ከተወለደ ጀምሮ ጠፍቶ የማያውቅ፣ ለእድሳት ጋራዥ ገብቶ የማያውቅ፣ ባለቤቱ ሲተኛ እንኳ የሚሠራ ነገር። «ይኸ ሁሉ ዘመን እዚሁ ነበርክ?» አለው። ሌሎቹ ጣታቸውን ካወረዱ በኋላ እሱ እንደያዘ ቀረ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ላብ ነው ብሎ በእጅጌው ጠረገው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ሌላ ሆነ። ሸራ ጫማ ገዛ። ተረከዝ መጀመሪያ እንደሚያርፍ፣ ጣት መጨረሻ እንደሚገፋ፣ እጅ ከእግር ጋር ተቃራኒ ሆኖ እንደሚወዛወዝ ሲማር፣ ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምረው ሲሠራው መኖሩ አፉን አስያዘው። የሚያውቃት ከተማ ደግሞ ሌላ ሆና መጣችበት። ከኮሌጁ የሚነሳውን ዋና መንገድ በአውቶብስ ተመላልሶበታል፤ ከመብራቱ እስከ አደባባዩ ያለው ቦታ ለሱ ሦስተኛ ማርሽ ነበር፣ ሌላ ስም አልነበረውም። በእግሩ ሲሄድበት ግን ዳገት ነው። ባቱ ነገረው። የዳቦ ቤቱ ሽታ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ የትኛው አጥር ሥር ጥላ እንዳለ፣ ሰው ሲያልፍ ሰው እንደሚያይ፣ ሁሉን አዲስ ነገር አድርጎ ለሚስቱ ማታ ማታ ያወራላታል። እሷ ፈገግ ብላ ትሰማዋለች።

የሹፌርነት አመል ግን ከመቀመጫ ሲነሱ አብሮ የሚቀር ነገር አይደለም። ሌላውን ተማሪ ሊቀድም ሲል መጀመሪያ ስፖኪዮ እንዳለው ሁሉ በግራ ትከሻው ላይ ያያል። መታጠፊያ ላይ ከኋላው ረጅም ነገር ያለ ይመስል ሰፋ አድርጎ ይዞራል። ቀኝ እጁ ዳገት ሲጀምር ማርሽ ይፈልጋል። ልጆቹ ከኋላው ሆነው ሲያዩት በሳቅ ይፈርሳሉ፤ እሱ ምን እንደሚያስቃቸው አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

አንድ ቀን በዋናው መንገድ ሲሄዱ መምህሯ አጠገቡ መጣች።

«እርስዎ ለምንድን ነው የሚቆሙት?»

«እኔ? የታባቴ ቆምኩ?»

«አሁንም ቆመዋል እኮ።»

እግሩን አየ። ቆሟል። ቀና ሲል የፌርማታው ምሰሶ አጠገቡ ነው።

ፀጉር ሠሪዋ ይህችን ቀን ስትጠብቅ የኖረች ይመስል «ሁሉም ፌርማታ ላይ ይቆማሉ» አለች። «ደግሞ እንዲሁ አይነሱም፤ ወደ በሩ ዞር ብለው ሰው መሳፈሩን አይተው ነው የሚነሱት።»

ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እሱም ሳቀ፤ ምን ያድርግ። ከዚያ ቀን በኋላ ስሙ ጋሽ ፌርማታ ሆኖ ቀረ። መምህሯም ስቃ ስታበቃ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የፈተናው ዙር በዚህ መንገድ ነው የሚያልፈው» አለችው። «እኔ ራሴ በብስክሌት እየተመላለስኩ አያለሁ። ያን ቀን እንዲህ ቢሆኑብኝ ልረዳዎት አልችልም፤ ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው።» ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

ያልሞከረው የለም። ፊቱን ወደ ሱቆቹ አዙሮ ሄደ፤ እግሩ ቆመ። በማዶ በኩል ተሻግሮ ሄደ፤ የማዶውም ፌርማታ ያውቀዋል፤ ቆመ። አንዴማ ዓይኑን ጨፍኖ ሞከረ፤ ፌርማታው ጋ ሲደርስ እግሩ ፍሬን ያዘ፣ ዓይኑን ሲገልጥ አንዲት አሮጊት ለመሳፈር ነው ብላ ቦታ ለቀቀችለት። እግር የዚህን ያህል ያስታውሳል ብሎ አስቦ አያውቅም። ራሱን ለሳምንት ያህል በመደነቅና በመፍራት መካከል ሆኖ አየው።

አሁን ወደ ሚስቱ እንምጣ። የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የሐኪም ጋውን፣ ደም የነካው ያልነካው፣ ሁሉ በሷ እጅ ያልፋል። ሥራ የምትገባው ከመጀመሪያው አውቶብስ በፊት ነው። እሱ በነዳበት ዘመን የድርጅቱ ሰርቪስ መጥቶ ከደጁ ይወስደዋል፤ እሱ ሲነሳ እሷ ወጥታለች፣ ቁርሱ ተሸፍኖ ጠረጴዛ ላይ አለ። ሚስቱ ሥራዋ ጋ በምን እንደምትደርስ ጠይቋት አያውቅም። ክፋት አይደለም። የሚሠራ ነገር ለምን ሠራህ ተብሎ አይጠየቅም፤ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ያሉት እንዲህ ዓይነቱን ነው።

ለፈተናው ሊወስድ ያሰበው አማቹን፣ የሴት ልጁን ባል ነበር፤ ወጠምሻ ነው፣ ትንፋሽ አያጥረውም። አማቹ ግን ለሥራ ሩቅ ቦታ ተላከ። የቀረችው ሚስቱ ብቻ ሆነች፤ ሹፌሩ በዚህ እንቅልፍ አጣ። ማታ ማታ ጉልበቷን ቅባት ስታሽ ያያታል። እሷን ይዤ ገብቼ መሃል ላይ ቀጥ ብትልብኝ ዲፕሎማው ቀረ፣ ቦታው ሄደ፣ እኔም መስኮት ሥር ነኝ ብሎ አሰበ። ቢጨንቀው ነገራት።

«እሁድ ልሞክርሽ» አላት።

«ሞክረኝ» አለች። «በኔ መንገድ ከሆነ።»

እሁድ ጠዋት ወጡ። ከሰፈሩ ጀርባ ወደ ሆስፒታሉ የሚወጣው መንገድ ነበር የሷ መንገድ። ሹፌሩ መንገዱን በስም ያውቀዋል፤ በአንድ ወቅት ድርጅቱ አውቶብስ ሊያስገባበት አስቦ ሹፌሮቹን ሲያማክር፣ ዳገቱ ሞተር ይገድላል ብለው ከመለሱት አንዱ እሱ ነበር። በዚያው ቀረ። እሷ እንደ ወትሮዋ እያወራች ትሄዳለች፤ የጎረቤቷን ነገር፣ የአለቃዋን ነገር፣ የተበላሸውን ማድረቂያ ነገር። እሱ መጀመሪያ «አይ» እና «እንዴት ሆኖ» ይላል። ቀጥሎ «እህ» ብቻ። ቀጥሎ ራሱን መነቅነቅ። የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ልቡ ጆሮው ውስጥ ገብቶ ይደልቃል። ቆመ።

አካባቢው ላይ አንድም ፌርማታ የለም።

እሷ ጥቂት ሄዳ መልስ ስታጣ ዞረች። «ምነው?»

«ጫማዬ» አለ። ጫማው ምንም አልሆነም።

ተመልሳ አጠገቡ ቆመች። እሱ ጉልበቱን ይዞ ወደ ላይ አየ፤ ዳገቱ ገና አላለቀም።

«በየቀኑ በዚህ ነው የምትሄጂው?»

«ታዲያ በምን ልሂድ?»

«ዝናብ ሲሆንስ?»

«ጃንጥላ አለኝ።»

«ልጅቷን አርግዘሽ ሳለስ?»

«ያኔ ቀስ እል ነበር» አለች።

ሹፌሩ ሚስቱን አያት። አጠር ያለች፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች፣ ያቺው የሚያውቃት ሴት ናት፤ ላቧ እንኳ ጠብ አላለም። ከተማውን የማመላልሰው እኔ ነኝ ሲል ነው የኖረው። እሱ ተቀምጦ በሞተር ሲሄድ፣ ሞተር ይገድላል የተባለውን ዳገት ይህች ሴት በሁለት እግሯ ስትወጣው ኖራለች፤ ማታ ደግሞ ወርዳ መጥታ «ቀንህ እንዴት ነበር?» ትለዋለች። ተራራ አይቶ የሚገረም ሰው አለ፤ ባሕር አይቶ የሚገረም አለ። ሹፌሩ ያን ጠዋት የገዛ ሚስቱን አይቶ አፉን ያዘ። በፈተናው ማን ማንን እንደሚጥልም ያኔ ገባው።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው አብሯት ይወጣ ጀመር። መንገድ ጠራጊዎቹ «እንደምን አደርሽ እህታችን» ይሏታል። ዳቦ የሚያራግፈው ሰው ከሩቅ እጁን ያነሳላታል። እሱን ማንም አያውቀውም፤ ከተማው ሁሉ ያውቀኛል ብሎ የሚኖር ሰው ነው እንግዲህ። የሆስፒታሉ ዘበኛ ከላይ እስከ ታች አየውና «ባሏ እርስዎ ነዎት?» አለው። «እኛ እኮ ብቻዋን የምትኖር መስሎን ነበር።» ሰውየው ለክፉ አላለውም። ሹፌሩ ግን ዳገቱን ሲወርድ እስከ ቤቱ ድረስ ያቺን ቃል እያላመጠ ወረደ። ጎኑን ወጋችው።

በጥቂት ጊዜ ውስጥ ትንፋሹ ተስተካከለ። ዳገቱን እያወራ መውጣት ቻለ። ፌርማታው ግን እንዳለ ነው፤ ዋናው መንገድ ላይ በሞከረ ቁጥር እግሩ ይከዳዋል። የፈተናው ዋዜማ ለሚስቱ «እኔ እንጃ፣ የምወድቅ ይመስለኛል» አላት። እሷ ልብስ ስታጣጥፍ ነበር። «እናያለን» አለች።

የፈተናው ጠዋት ሁሉም ከየቤቱ ሰው ይዞ መጣ። ፀጉር ሠሪዋ እናቷን ይዛለች፤ እናትየዋ ከልጅየዋ ትብሳለች፣ ከመነሳታቸው በፊት መምህሯን ስለ ትዳሯ ጠይቃታለች። መምህሯ ብስክሌቷን ይዛ ቆመችና ሕጉን ደገመችው፤ አትሩጡ፣ አትለያዩ፣ አትቁሙ። ከዚያ ጥንድ ጥንድ አድርጋ ለቀቀቻቸው።

ሹፌሩና ሚስቱ ዋናውን መንገድ ያዙ። የመጀመሪያው ፌርማታ ከሩቅ ታየው። ገና ሳይደርስ እግሩ ሲላላ ተሰማው።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች ሚስቱ፣ ፊት ፊቷን እያየች። «ልጃችን ጡት ሳትጥል ትኩሳት የያዛት ጊዜ ትዝ ይልሃል?»

«የትኛው ትኩሳት?»

እሷ እርምጃዋን አልቀነሰችም፤ ድምፅዋንም አላነሳችም። ለመስማት እኩሏ መሄድ ነበረበት። «አንተ ሥራ ነበርክ፣ እኔ የእረፍት ቀኔ ነበር። ጠዋት ደህና ነበረች። ረፋዱ ላይ ሰውነቷ እሳት ሆነ። አንቀጠቀጣት፣ ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ።»

«ይህን አልነገርሽኝም።»

«አሁን እየነገርኩህ ነው።»

ፌርማታው ከኋላቸው ቀርቷል። አላየውም።

«አዘልኳትና ወጣሁ። የኛ ሆስፒታል ያኔ ሕፃን አይቀበልም፤ ከአደባባዩ ማዶ ያለው ነው የሚቀበለው። በዚህ መንገድ ነበር የምሄደው። ጀርባዬ ላይ ስታቃጥለኝ ይሰማኛል። ድምፅዋ ደግሞ ጠፍቷል፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።»

ሁለተኛው ፌርማታ መጣ፤ አለፈ። ሰዎች ቆመውበት ነበር፤ ሹፌሩ በመሃላቸው አለፈ እንጂ አላያቸውም። ዓይኑ የሚስቱ አፍ ላይ ነው።

«እዚህ ጋ ስደርስ» አለች፣ በሁለት ፌርማታ መካከል አንድ የብረት በር በአገጯ እያሳየች፣ «ከኋላዬ አውቶብስ መጣ። ፌርማታው ገና ሩቅ ነው። ሮጬ አልደርስም። ዞርኩና እጄን አነሳሁ።»

«ማን ነበር የሚነዳው?» አለ ሹፌሩ፤ እያወቀው ነበር የጠየቀው።

«አንተ ነሃ።»

ክው አለ።

«አላየሁሽም።»

«እንዳላየኸኝ አውቃለሁ። እኔ ግን አይቼሃለሁ። ቀጥ ብለህ መንገዱን ታይ ነበር።» ቀጥላም «ጎበዝ ሹፌር ነህ» አለች። በድምፅዋ ውስጥ ሽሙጥ ቢኖርበት ደግ ነበር። አልነበረበትም።

ሊያስታውሰው ሞከረ። ከፌርማታ ውጭ አልቆምም ማለት የሚኮራበት ነገር ነበር፤ በዚህም ተሸልሟል። ስንት እጅ ተነስቶ አልፎታል። በዝናብ የተነሳ እጅ፣ በፀሐይ የተነሳ እጅ፣ ያዘለችም ያላዘለችም። ሁሉም አንድ መልክ ነበራቸው፤ መልክም አልነበራቸውም። ከነዚያ መካከል አንዷ የሱ ነበረች፣ ጀርባዋ ላይ ያለችውም የሱ ነበረች፣ ሁለቱንም ትቷቸው ሄዷል።

እግሩ ከዳው። ይህኛው የፌርማታ አመል አይደለም፤ እሱ ራሱ ነው ሊቆም የፈለገው። ቆሞ ፊቷን ሊያይ፣ ካስፈለገም እግሯ ላይ ሊወድቅ። ከፊት ለፊት መምህሯ በብስክሌት ስትመጣ አያት። ቢቆም ቦታው እንደሚሄድ፣ ያቺ የመስኮት ወንበር እንደምትጠብቀው ያውቃል። በዚያች ሰዓት ግን ወንበሩ ከነመስኮቱ ገደል ይግባ አለ።

«እንዳትቆም» አለች ሚስቱ።

«እንዴት አልቆምም?»

«ያኔ አልቆምክም። ዛሬ ብትቆም ለኔ ምን ይጠቅመኛል?» ክንዱን ያዘችው። «ይቅርታ ልትለኝ ከሆነ እየሄድክ በል።»

እየሄደ አላት። መጀመሪያ ቃሉ እየተሰበረ፣ በኋላ እየጠራ፤ ለዚያ ቀን አላት፣ ለዳገቱ አላት፣ በምን ትሄጃለሽ ብሎ ላልጠየቃት ማለዳ ሁሉ አላት። ዓይኑ እየፈሰሰ ነው፤ ለመጥረግም እጁን አላነሳም። መምህሯ በአጠገባቸው ስታልፍ ጆሮዋን ጣል አደረገች፤ እርምጃቸው ደህና ነው፣ ትንፋሻቸው አላጠረም፣ ያወራሉ። ፊቱን ስታይ ግን ብስክሌቷን ፈጠን አድርጋ ራቀች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት ወደ ኮሌጁ የሚታጠፈው ጥግ ላይ።

«ማታ ስትገባ ልጅቷ ተሽሏት ተኝታለች። አንተ ደግሞ ደክሞኛል ብለህ ጫማህን ሳታወልቅ ጋደም አልክ። ብነግርህስ? አውቶብሱ አልፏል።»

በሩ ጋ አብረው ደረሱ። ፀጉር ሠሪዋና እናቷ ቀድመው ደርሰው «ጋሽ ፌርማታ አንዱም ላይ አልቆሙም!» ብለው አጨበጨቡ። መምህሯ ከብስክሌቷ ወርዳ እጁን ጨበጠችው። «አልፈዋል» አለችው። «ፌርማታዎቹን እንዴት አድርገው ነው ያለፏቸው?»

«የቶቹን?» አላት። የምሩን ነው፤ አላስታወሳቸውም።

ደስ ይለዋል ተብሎ የሚጠበቅ ነበር፤ ደስም ብሎታል። ዲፕሎማው ተገኘ፣ ቦታው ተገኘ። ይህ ሁሉ ግን የሌላ ሰው ደስታ መስሎ ከሩቅ ተሰማው። ሚስቱ ሻሿን እያስተካከለች ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በየማታው ገብቶ «ደክሞኛል» የሚላት እሱ ነው፤ ውኃ የምታቀርብለት እሷ ናት። ያልጠየቃት ጥያቄ ብዙ ነው፤ ከሁሉ የምታንሰውን አንስቶ ጠየቃት።

«ደክሞሻል?»

እንደ ልማዷ «ምን አደከመኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ሳይወጣ አፏን ዘጋች።

«አዎ» አለች። «ደክሞኛል። በጣም ነው የደከመኝ።»

ይህን ስትል ሰምቷት አያውቅም። እጇን ይዞ ወደ ኮሌጁ ደረጃ ወሰዳትና አስቀመጣት፤ ራሱም አጠገቧ ተቀመጠ። መምህሯ ሌሎቹን ተፈታኞች ልትቀበል ሄደች። ሰው በፊታቸው ይወጣል ይገባል። እሷ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች፤ እሱ እስክትነሳ ድረስ ጠበቃት።